ቆላና ደጋን ያጋመዱ ሕዝቦች

ወጣት አንባቢያን፣ በዚህ ሳምንት ድንች በልታችኋል? ቅቅል ይሁን ወጥ፣ ወይም መንገድ ዳር ትኩሱን የሚሸጠው ጥብስ፣ ድንች ቤተኛ ስለ ሆነ እንግዳነቱን ረስተነዋል። ወደ አገራችን የገባው በ1858 ገደማ በጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ በቪልሄልም ሺምፐር አማካይነት እንደ ሆነ ይነገራል። የትውልድ ቦታው ግን ደቡብ አሜሪካ፣ በዛሬዎቹ ፔሩና ቦሊቪያ መካከል የሚገኘው የቲቲካካ ሐይቅ አካባቢ ነው። በዚያ የሚኖሩ ሰዎች ድንችን ከዱር ወስደው ማልማት ከጀመሩ ሰባት ሺህ ዓመት ገደማ ሆኗል። ዛሬም በአንዲስ ተራሮች ከ4,000 በላይ የድንች ዓይነቶች አሉ፤ ቢጫ፣ ቀይ፣ ጥቁር፣ መራራና ጣፋጭ፣ ውርጭ የሚችሉና የማይችሉ።

አንድ ሕዝብ ይህን ያህል ዓይነት ድንች ለምን አስፈለገው? ለጌጥ አይደለም። አንዱ ማሳ በውርጭ ሲመታ ሌላው እንዲተርፍ፣ ዝናብ በቀረበት ዓመት ድርቅ የሚችለው ቤተሰቡን እንዲመግብ ነው። ያ መሬት በአንድ ነገር ላይ ብቻ የሚታመንን ሰው አይምርም። በዚህ ጽሑፍ ይህ ምሕረት የለሽ መሬት ኢንካዎችንና ከእነርሱ በፊት የነበሩትን ሕዝቦች እንዴት እንደ ቀረጻቸው፣ እነርሱስ ምን እንደ መለሱለት እንመለከታለን። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ታላቅ ወንዝ የሌለው ሥልጣኔ

የጥንት ሥልጣኔዎች በታላላቅ ወንዞች ዳር እንደ ተወለዱ በትምህርት ቤት ተምረናል፤ ግብፅ በዓባይ፣ ባቢሎን በኤፍራጥስ። ፔሩ ላይ ስንደርስ ግን ይህ ትምህርት ይሰናከላል።

እስቲ ካርታ አውጡና የደቡብ አሜሪካን ምዕራባዊ ጠረፍ ተመልከቱ። ባሕሩን ተከትሎ የሚሄደው ቀጭን መሬት በዓለም ላይ እጅግ ደረቅ ከሚባሉት በረሃዎች አንዱ ነው። ምክንያቱ ከደቡብ የሚመጣው ሐምቦልት የተባለው ቀዝቃዛ የባሕር ሞገድ ነው። ቀዝቃዛው ውኃ በላዩ ያለውን አየር ስለሚያቀዘቅዘው አየሩ ወደ ላይ ወጥቶ ዝናብ መሆን አይችልም። ነገር ግን ይኸው ሞገድ ከጥልቁ ምግብ ይዞ ስለሚወጣ ባሕሩ በትናንሽ ዓሣዎች መንጋ የተሞላ ነው። ምድሩ ባዶ፣ ባሕሩ ሙሉ ማለት ነው።

ከበረሃው ጀርባ አንዲስ ቀጥ ብሎ ይነሣል። በአንዳንድ ቦታ ከባሕሩ ተነሥቶ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ የተጓዘ ሰው ከ6,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው በረዷማ ተራራ ሥር ይደርሳል። ከእነዚህ ተራሮች ከሃምሳ በላይ አጫጭር ወንዞች ወደ በረሃው ይወርዳሉ፤ እያንዳንዱም በአሸዋው መካከል ቀጭን አረንጓዴ ሸለቆ ይሠራል። ከተራራው ማዶ ደግሞ የአማዞን ደን ይጀምራል።

እኛ ይህን ለመረዳት ብዙ አንቸገርም። ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋና ውርጭ የሚሉ ቃላት አሉን። የኢንካዎች ቋንቋ የሆነው ቄችዋም ተመሳሳይ ቃላት አሉት። ዩንጋ ሞቃቱ ሸለቆ ነው፤ ጥጥ፣ በርበሬና ፍራፍሬ ይበቅልበታል። ቄችዋ የሚባለው ከፍታ የበቆሎ አገር ነው። ሱኒ ድንችና ኪንዋ የተባለውን እህል ይሰጣል። ከ4,000 ሜትር በላይ ያለው ፑና ግን የግጦሽ ምድር ነው፤ ላማና አልፓካ የሚባሉት፣ የግመል ዘመድ የሆኑ እንስሳት ይሰማሩበታል። ላማ ሰው አያስቀምጥም፤ የሚሸከመውም ሠላሳ ኪሎ ግራም ገደማ ብቻ ነው። ሆኖም ሥጋው ይበላል፣ ጠጉሩ ይፈተላል፣ ኩበቱም ማገዶና ማዳበሪያ ይሆናል።

የዚህ መሬት ችግር ሙሉ በረከት በአንድ ቦታ አለመስጠቱ ነው። ዓሣ ያለው በቆሎ የለውም፤ በቆሎ ያለው ሱፍ የለውም፤ ሱፍ ያለው ጥጥና በርበሬ የለውም። ብቻውን ሊኖር የፈለገ ሰው በየትኛውም ከፍታ ላይ ድሃ ነው።

ካራል፦ ጥጥና ዓሣ

ከዛሬዋ የፔሩ ዋና ከተማ ከሊማ በስተሰሜን፣ ሱፔ በሚባል ደረቅ ሸለቆ ውስጥ ካራል የተባለች ጥንታዊ ከተማ አለች። ለብዙ ዘመን ኮረብታ እንጂ የሰው እጅ ሥራ አትመስልም ነበር። ፔሩያዊቷ የአርኪዮሎጂ ባለሙያ ሩት ሻዲና ባልደረቦቿ በ2001 ይፋ ባደረጉት ጥናት ከተማዋ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2600 ገደማ እንደ ነበረች ታወቀ። ይህም በግብፅ ታላላቆቹ ፒራሚዶች ይታነጹ በነበረበት ዘመን ማለት ነው።

የካራል ሰዎች ሸክላ እንኳ ገና መሥራት አያውቁም ነበር። ታዲያ ትልልቅ የድንጋይ መድረኮችን የሚገነባ ሕዝብ ምን በልቶ ኖረ? ከቆሻሻ መጣያዎቻቸው የተገኘው መልስ የሚገርም ነው፤ ከተማዋ ከባሕሩ ከሃያ ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ሳለ በየቦታው የባሕር ዓሣ አጥንት ተገኘ። የሸለቆው ሰዎች በመስኖ ጥጥ ያመርታሉ። ጥጡ መረብ ይሆናል። በባሕሩ ዳር ያሉት ዓሣ አጥማጆች በመረቡ ዓሣ ይይዛሉ፤ ዓሣው ደግሞ ወደ ሸለቆው ይመለሳል። ገበሬው ያለ አጥማጁ፣ አጥማጁም ያለ ገበሬው መኖር አይችልም። በአሜሪካ ምድር እጅግ ጥንታዊ ከሚባሉት ከተሞች አንዷ የቆመችው በዚህ ልውውጥ ላይ ነው።

የግንባታቸው ጥበብም ከመሬቱ የተማሩት ነው። አገሩ የመሬት መንቀጥቀጥ ያዘወትረዋል። ስለዚህ ከሣር በተጎነጎነ መረብ መሰል ከረጢት ድንጋይ እየሞሉ በመድረኮቹ ውስጥ ደረደሩ። መሬት ሲናወጥ ከረጢቶቹ በመጠኑ እየተንቀሳቀሱ ግድግዳው እንዳይናድ ይረዱ እንደ ነበር ባለሙያዎች ያስባሉ።

ሞቼ፦ ሰማዩ ባሕርዩን ሲለውጥ

ከካራል በኋላ ሦስት ሺህ ዓመት ገደማ ወደ ፊት እንለፍ። በሰሜኑ የፔሩ ጠረፍ ከ100 እስከ 800 ዓ.ም. ገደማ ሞቼ የሚባሉ ሕዝቦች ኖሩ። የተራራውን ወንዝ በረጃጅም ቦዮች ወደ በረሃው መርተው አሸዋውን ማሳ አደረጉት። በሚሊዮን በሚቆጠሩ የጭቃ ጡቦች ኮረብታ የሚያህሉ ቤተ መቅደሶች ሠሩ። የሸክላ ሥራቸው ደግሞ የሰውን ፊት ከነፈገግታውና ከነሕመሙ እስከ ማሳየት የደረሰ ነበር።

ይሁን እንጂ ያ ጠረፍ አንድ ጠላት አለው። በየጥቂት ዓመታቱ ቀዝቃዛው ሞገድ ይደክምና ሞቃት ውኃ ጠረፉን ይሸፍናል። ያን ጊዜ ዓሣው ይጠፋል፤ ዝናብ በማያውቀው በረሃ ላይም ዶፍ ይወርዳል። የፔሩ ዓሣ አጥማጆች ይህ ሞቃት ውኃ በገና ሰሞን ስለሚመጣ ኤል ኒኞ አሉት፤ «ሕፃኑ» ማለት ነው፣ ሕፃኑን ኢየሱስን ለማመልከት። ስሙ ለእኛም እንግዳ አይደለም። በ2015 የክረምት ዝናባችን ከድቶን አሥር ሚሊዮን ያህል ወገኖቻችን የዕለት እርዳታ ጠባቂ የሆኑት ይኸው ኤል ኒኞ በበረታበት ዓመት ነበር። በፔሩ ጎርፍ የሚሆነው ነገር ለእኛ ድርቅ ይሆናል።

በ6ኛው ምዕተ ዓመት ሞቼዎች ኃይለኛ ጎርፍና ረጅም ድርቅ ተፈራረቁባቸው። ይህን የምናውቀው ኬልካያ በሚባል የፔሩ በረዷማ ተራራ ላይ በ1983 ከተቆፈረ በረዶ ነው። በረዶው በየዓመቱ እንደ መጽሐፍ ገጽ ስለሚደራረብ፣ ስስ የሆነው ገጽ ድርቁን ያሳያል። በዚያ መዝገብ መሠረት በዚያው ምዕተ ዓመት ሠላሳ ዓመት ገደማ የቆየ ድርቅ ነበር።

ሰዎቹ ምን አደረጉ? የጨረቃ ቤተ መቅደስ በሚባለው ሥፍራ በ1990ዎቹ በተደረገ ቁፋሮ ከሰባ የሚበልጡ ወንዶች አጽም ተገኘ። ብዙዎቹ የተገኙት በዶፍ ዝናብ ከግድግዳው ታጥቦ በወረደ ጭቃ ውስጥ ነው። ሰማዩ በተቆጣ ጊዜ ምርኮኞችን እየሠዉ ቍጣውን ለማብረድ ሞክረዋል ማለት ነው። ዝናቡ ግን የሰው ደም አይሰማም። ቦዮቹ በደለል ተሞሉ፤ አሸዋው ማሳውን ወረሰ፤ ሕዝቡም ቀስ በቀስ ታላላቅ ማዕከሎቹን ትቶ ሄደ። ፍርሃት መፍትሔ ሲያጣ ሁልጊዜ የሚከፍለው ሰው በደካማው ወገን ያለው ነው። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ በኢንካዎችም ዘንድ እናገኘዋለን።

ቲዋናኩ፦ ውርጭን ያሸነፈ ውኃ

አሁን ከጠረፉ ወደ ላይ፣ ወደ ቲቲካካ ሐይቅ እንውጣ። ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ 3,812 ሜትር ላይ ነው። ቀን ፀሐይ ያቃጥላል፤ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። በዚህ ስፍራ ቲዋናኩ የምትባል ከተማ ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት ከአሥር ሺህ በላይ ሰው ሳይኖርባት እንዳልቀረ ይገመታል።

ምሥጢሩ በማሳው አሠራር ላይ ነው። ገበሬዎቹ ረግረጉን ምድር ቆፍረው ቦይ ያወጡና አፈሩን በመካከሉ ከፍ አድርገው ይከምሩታል። በቦዩ ያለው ውኃ ቀን የፀሐይን ሙቀት ይጠጣል፤ ሌሊት ሙቀቱን መልሶ ስለሚተፋ በዙሪያው ያለው ተክል ከውርጭ ይተርፋል። ከቦዩ የሚወጣው ደለል ደግሞ ማዳበሪያ ነው። በ1980ዎቹ ተመራማሪዎች ከአካባቢው ገበሬዎች ጋር ሆነው እንዲህ ያሉ ማሳዎችን እንደገና ሠርተው ሞከሩ። በውርጭ ሌሊት የጎረቤት ማሳ ሲመታ በቦዮቹ መካከል ያለው ድንች በአመዛኙ ተረፈ።

ታሪኩ ግን እዚህ አያበቃም። የምርምር ፕሮጀክቶቹ ሲያልቁ እንደገና ከተሠሩት ማሳዎች ብዙዎቹ ተተዉ። ቦዩን መጥረግና አፈሩን ማንሣት የብዙ ሰው ጉልበት ይጠይቃል፤ ያንን ጉልበት የሚያሰባስበው የጥንቱ ኅብረት አልነበረም። ቴክኒኩ ከመሬት ተቆፍሮ ሊገኝ ይችላል፤ አብሮ የመሥራት ልማድ ግን እንደዚያ አይገኝም።

ቲዋናኩም በ1000 እና በ1100 መካከል ፈረሰች። የውስጥ ክፍፍል ነው የሚሉ አሉ፤ ረጅም ድርቅ ነው የሚሉም አሉ። ምናልባት ሁለቱም ተጋግዘው ይሆናል።

ኢንካዎች፦ ወንፈል መንግሥት ሲሆን

ኢንካዎች የመጡት በዚህ ሁሉ ላይ ነው። በ1400 ገደማ በኩስኮ ሸለቆ፣ 3,400 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ከብዙ ትናንሽ ሕዝቦች መካከል አንድ ነበሩ። ፓቻኩቲ የተባለው ንጉሥ በ1438 ገደማ ከነገሠ በኋላ በመቶ ዓመት ውስጥ ግዛታቸው ከዛሬዋ ኮሎምቢያ ደቡብ እስከ ቺሊ መካከል ድረስ ከ4,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተዘረጋ። ታዋንቲንሱዩ አሉት፤ «አራቱ ክፍላት በአንድነት» እንደ ማለት ነው። ሕዝቡ አሥር ሚሊዮን ገደማ እንደ ነበር ብዙዎች ይገምታሉ። ይህን ሁሉ ያለ ብረት፣ ያለ ጋሪ፣ ያለ ፈረስና ያለ ጽሕፈት አደረጉ።

አየሩም ረድቷቸዋል። በኩስኮ አቅራቢያ ከምትገኝ ማርካኮቻ ከተባለች ትንሽ ሐይቅ የተወሰደው ደለል ከ1100 ገደማ ጀምሮ አገሩ እየሞቀ እንደ ሄደ ያሳያል። በዚያው ደለል ውስጥ በላማ ፋንድያ የሚራቡ ደቃቅ ተባዮች ቁጥር መጨመሩ የእንስሳቱ መንጋ እንደ በዛ ይመሰክራል። ሙቀቱ ሲጨምር በቆሎ ወደ ላይ፣ ወደ ገደሉ መውጣት ቻለ። ነገር ግን ያ ሙቀት ለኢንካዎች ብቻ የተሰጠ አልነበረም፤ ጎረቤቶቻቸውም በዚያው ፀሐይ ሥር ነበሩ። ልዩነቱ ኢንካዎች ሰውን ያደራጁበት መንገድ ነው።

በአንዲስ መንደሮች አይኒ የሚባል ልማድ አለ። ዛሬ እኔ ማሳህን አርስልሃለሁ፣ ነገ አንተ የእኔን ታርሳለህ። ቃሉን መተርጎም አያስፈልገንም፤ ወንፈል ነው። ብዙ ሰው ተጠርቶ በልቶና ጠጥቶ የሚሠራበት ደግሞ ሚንካ ይባላል፤ እርሱም ደቦ ነው። ኢንካዎች ይህን የመንደር ልማድ ወስደው የመንግሥት ሥርዓት አደረጉት፤ ስሙንም ሚታ፣ ማለትም ተራ አሉት። ገንዘብ ስላልነበረ ግብር የሚከፈለው በጉልበት ነው። እያንዳንዱ ቤተሰብ በተራው እርከን ይሠራል፣ መንገድ ይጠርጋል፣ ልብስ ይሸምናል፣ ወይም ይዘምታል። መንግሥትም በተራው ያበላል፣ ከበቆሎ የተጠመቀ መጠጥ ያጠጣል፣ በችግር ቀን ጎተራውን ይከፍታል።

በዚህ ጉልበት ገደሉ ማሳ ሆነ። ኮንሶን ያየ ሰው እርከን የስንት ትውልድ ላብ እንደ ሆነ ያውቃል። የኢንካ እርከን ከሥሩ ጠጠር፣ በላዩ አሸዋ፣ ከዚያ ለም አፈር አለው፤ ዝናቡ ሰርጎ ይወርዳል እንጂ አፈሩን አያጥብም። የድንጋዩ ግንብ ቀን የሞቀውን ሌሊት ለሥሩ ያካፍላል። በ2,430 ሜትር ከፍታ ላይ በ1450 ገደማ የተሠራችው ማቹ ፒቹ ይህን ያህል ዘመን ሳትናድ የቆየችው በዓይን በማይታየው ሥራ ነው። ከምንጩ ውኃ የሚያመጣው ቦይ 749 ሜትር ርዝመት አለው፤ ውኃው ተራ በተራ በ16 ፏፏቴዎች ይወርዳል፤ ከእግር በታች ደግሞ የዝናቡን ጎርፍ የሚያስወግድ ጠጠር ተደልድሏል።

ከእርከኑ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን ቆልቃ የሚባለው ጎተራ ነው። ዋኑኮ ፓምፓ በተባለው የአስተዳደር ማዕከል ብቻ ወደ 500 የሚጠጉ ጎተራዎች ነበሩ። በዛሬዋ ቦሊቪያ ኮታፓቺ በሚባል ስፍራ 2,400 ያህል ተቆጥረዋል። የሚሠሩት ነፋስ በሚያገኘው ተዳፋት ላይ፣ ተራ በተራ ተሰልፈው ነው። በዋኑኮ ፓምፓ በአብዛኛው ክብ የሆኑት ለበቆሎ፣ ባለ አራት ማዕዘኖቹ ለድንች ያገለግሉ ነበር።

ድንች እንዴት ተከማችቶ ይቆያል? ጠላት የነበረውን ውርጭ ሠራተኛ አደረጉት። ድንቹን ሌሊት በሜዳ ያሰጡታል፤ ውርጭ ያደርቀዋል። ጠዋት በእግር እየረገጡ ውኃውን ይጨምቁታል፤ ቀን ፀሐይ ይመታዋል። ይህን ለጥቂት ቀናት ሲደጋግሙት ቹኞ የሚባል፣ እንደ ጠጠር የቀለለና ለዓመታት የማይበላሽ ምግብ ይሆናል። የላማ ሥጋም በዚሁ ዓይነት ይደርቃል፤ ቻርኪ ይሉታል፣ እኛ ቋንጣ እንደምንለው። በጎተራው ስንት እንደ ገባና ስንት እንደ ወጣ ኪፑ በሚባል ባለ ቋጠሮ ገመድ ይመዘገባል። የዮሴፍን የግብፅ ጎተራዎች ለምታውቁ ለእናንተ ይህ ጥበብ እንግዳ አይሆንም፤ የጥጋብ ዓመት የክፉ ዓመት ስንቅ ነው።

ጎተራዎቹን ያገናኘው ካፓክ ኛን የተባለው መንገድ ከ30,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነበር። ዛሬ በስድስት አገሮች ውስጥ ይገኛል፤ በ2014ም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ቻስኪ የሚባሉ ሯጮች እየተቀባበሉ መልእክት በቀን 240 ኪሎ ሜትር ያህል ያደርሱ ነበር።

የተራራው ፍርሃት

ታሪክን ስናነብ የወደድነውን ብቻ መርጠን መውሰድ አይገባንም። ይህ ሥርዓት ያመጸውን ሕዝብ ከአገሩ ነቅሎ እሩቅ ቦታ ያሰፍር ነበር። ሥራው በተራ የሚደርስ ግዴታ እንጂ እሺ ወይም እንቢ የሚባልበት አልነበረም።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን ሌላ ነው። ኢንካዎች ውኃ የሚሰጠውን፣ ናዳና እሳትም የሚያወርደውን ተራራ አፑ፣ ማለትም ጌታ ብለው ይፈሩት ነበር። በ1999 በአርጀንቲናና በቺሊ ድንበር፣ ዩያያኮ በተባለው 6,739 ሜትር ከፍታ ባለው እሳተ ገሞራ ጫፍ ላይ የሦስት ልጆች አስከሬን በብርዱ ሳይፈርስ ተገኘ። አንዷ አሥራ ሦስት ዓመት ገደማ የሆናት ልጅ ናት፤ ሁለቱ አራት ወይም አምስት ዓመት ቢሆናቸው ነው። በትልቋ ልጅ ፀጉር ላይ የተደረገው ምርመራ ከመሞቷ በፊት በነበረው ዓመት ምግቧ መሻሻሉንና ኮካና የሚያሰክር መጠጥ በብዛት ይሰጣት እንደ ነበር ያሳያል። ለመሥዋዕት የተመረጠች ልጅ እየተቀለበች ነበር። ያ ሁሉ ጥበብ፣ ያ ሁሉ ጎተራ ፍርሃቱን አላራቀም፤ ዕዳውን የከፈሉትም እንደ ሞቼዎች ዘመን መናገር የማይችሉት ናቸው።

ካሃማርካ፦ በአንድ ከሰዓት በኋላ

መንገዱ ለሠራዊትና ለስንቅ ምቹ ነበር። ለበሽታም እንዲሁ ሆነ። አውሮፓውያን ወደ አሜሪካ ያመጡት ወረርሽኝ፣ ብዙዎች ፈንጣጣ እንደ ነበር ያምናሉ፣ ከራሳቸው ቀድሞ አንዲስ ደረሰ። በ1527 ገደማ ንጉሡ ዋይና ካፓክ ሞተ። ልጆቹ ዋስካርና አታዋልፓ በዙፋኑ ተጣሉ፤ አገሩም በእርስ በርስ ጦርነት ደማ።

አታዋልፓ ድል ባደረገበት ወቅት ስፔናዊው ፍራንሲስኮ ፒሳሮ 168 ሰዎች ይዞ መጣ። ኅዳር 16 ቀን 1532 በካሃማርካ አደባባይ ቪሴንቴ ደ ቫልቬርዴ የተባለው መነኩሴ ለአታዋልፓ ስለ ክርስትና ተናገረና መጽሐፍ ሰጠው። ንጉሡ ጽሕፈት አያውቅም፤ ገልጦ አየውና ወረወረው። ያን ጊዜ ከየሕንፃው ተደብቀው የነበሩት ወታደሮች በፈረስና በመድፍ ወጡ። ፀሐይ ሳትጠልቅ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተገደሉ፤ ንጉሡም ተማረከ። አንድ ክፍል ሙሉ ወርቅ ለቤዛ ከተሰበሰበ በኋላ እንኳ በሐምሌ 1533 በሞት ተቀጣ። በእሳት ከመቃጠል በማነቅ እንዲሞት ሲል ተጠመቀ። ያ መጽሐፍ የቀረበው ሰይፍ ከኋላው ተሸሽጎ ነበር፤ ክርስቲያን ወጣቶች ይህን ገጽ ሳያነቡ ሊያልፉት አይገባም።

ወራሪዎቹ በኢንካ መንገድ ተጓዙ፤ ከኢንካ ጎተራ በሉ። ዋንካ የተባሉት የማንታሮ ሸለቆ ሰዎች ለስፔኖች የሰጡትን እያንዳንዱን ነገር በኪፑ ቋጥረው ይዘው ነበር፤ በ1561 ሊማ ባለው ፍርድ ቤት ቀርበው ገመዳቸውን እየቆጠሩ አስረዱ። ሰጥተዋልና ምላሽ ይገባናል ብለው ነበር።

አዲሶቹ ገዦች ግን ይህን አልተረዱም፤ ወይም መረዳት አልፈለጉም። ሚታን ስሙን ሳይለውጡ ያዙት። ከ1573 ጀምሮ በየዓመቱ 13,000 ያህል ወንዶች በፖቶሲ ተራራ ብር እንዲቆፍሩ በተራ ይላኩ ነበር። ጎተራ የሚከፍትላቸው፣ ማዕድ የሚያቀርብላቸው አልነበረም። ብሩ ባሕር ተሻግሮ ሄደ፤ ብዙዎቹ ወንዶች አልተመለሱም። እርከኖቹም የሚጠግናቸው አጥተው በብዙ ቦታ ፈረሱ። ቃሉ ያው ነው፣ ተራራውም ያው ነው፤ የጠፋው ምላሹ ነው።

በየዓመቱ የሚሠራው ድልድይ

ከዚህ ሁሉ ምን ቀረ? ከኩስኮ በስተደቡብ አፑሪማክ የሚባል ወንዝ በጥልቅ ገደል ውስጥ ይፈስሳል። በላዩ ቄስዋቻካ የሚባል ድልድይ ተንጠልጥሏል። ርዝመቱ ሠላሳ ሜትር ቢጠጋ ነው። የተሠራው ከብረት ወይም ከእንጨት ሳይሆን ጓሳ ከሚመስል የደጋ ሣር ነው። በየዓመቱ በሰኔ ወር ከሁለቱም ወገን ያሉ አራት መንደሮች ይሰበሰባሉ። እያንዳንዱ ቤተሰብ የተገመደ ገመድ ያመጣል፤ ገመዱ ከገመድ ጋር ተገምዶ እንደ ሰው ጭን ይወፍራል። አሮጌው ይወድቃል፣ አዲሱ ይዘረጋል፤ ሥራው ሲያልቅ በልተው ይጨፍራሉ። ልማዱ ከኢንካዎች ዘመን ጀምሮ የመጣ ነው።

በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት መሰብሰብ ተከለከለና ድልድዩ ሳይታደስ ቀረ። በሚቀጥለው ዓመት በመጋቢት ወር ተበጥሶ ወንዙ ውስጥ ወደቀ። በሰኔ ግን መንደርተኞቹ ተሰብስበው እንደገና ዘረጉት።

ልብ በሉ፤ የንጉሡ ወርቅ ቀልጦ አልቋል፤ ታዋንቲንሱዩ በአንድ ከሰዓት በኋላ ራሱን አጣ። መንደሮቹ እርስ በርስ የሚያደርጉት ግን አለ። ድንቹ አለ፣ ቹኞው አለ፣ አይኒም አለ። መሬቱ ከካራል ዘመን ጀምሮ የጠየቃቸው አንድ ጥያቄ ነበር፤ የጎደለህን ከማን ታገኛለህ? ጎረቤቱን ያየ መለሰለት። በምርኮኛና በሕፃን ደም ሊመልስ የሞከረው፣ ወይም ሳይመልስ ብቻ ሊወስድ የፈለገው ግን መሬቱን አጎሳቆለ፤ ሰውንም ጎዳ።

ጥያቄው ዛሬም አልቆመም። የፔሩ በረዷማ ተራሮች ከ1960ዎቹ ወዲህ ከግማሽ በላይ የበረዶ ሽፋናቸውን አጥተዋል፤ ከእነርሱ የሚወርደውን ውኃ የሚጠጡት ሸለቆዎች ነገን ይፈራሉ። እኛም የምንፈራው ክረምት አለን። አያቶቻችሁን ወንፈልና ደቦ እንዴት ይሠራ እንደ ነበር ጠይቁአቸው። ማን ይጠራ ነበር? ያልመጣ ሰው ምን ይባል ነበር? የደከመች መበለት ማሳ በማን ይታረስ ነበር? ያንን የሚያስታውስ ሰው በቤታችሁ ካለ ሳይዘገይ አነጋግሩት።

ለኅብረት ውይይት

1. በሠፈራችሁ ወይም በትምህርት ቤታችሁ አንድ ሰው ብቻውን ሊያደርገው የማይችል፣ ሁሉም ግን የሚጠቀምበት ሥራ የትኛው ነው? ሳይሠራ የቀረውስ ለምንድን ነው?

2. የኢንካ ሚታና የፖቶሲ ሚታ በስም አንድ ሆነው በምን ተለያዩ? ዛሬ «አብረን እንሥራ» እየተባለ አንዱ ወገን ብቻ የሚጠቀምበት ነገር አይታችሁ ታውቃላችሁ?

3. በካሃማርካ የሆነውን አንድ የፔሩ ተወላጅ ክርስቲያን ዛሬ እንዴት የሚያነበው ይመስላችኋል?